ቴምፕሌቱን ልተወውና ዌብሳይቱን ከዜሮ ላሠራ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ለዝግጅት የሚሆኑ ዕቃዎች እናከራያለን፤ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ድንኳን፣ የድምፅ መሣሪያ። ዌብሳይታችን በዌርድፕረስ ላይ፣ ከተገዛ ቴምፕሌት የተሠራ ነው። ሰው አይቶ ይደውላል፣ እኛ ኤክሴል ላይ እንመዘግባለን። አንዳንዴ አንዱን ዕቃ ለሁለት ሰው ቃል እንገባና ጉድ ይፈላል። አንድ ዴቨሎፐር ‹ሁሉንም ከዜሮ እንሥራው፣ ቴምፕሌት ለጉግልም ለደህንነትም አይሆንም› አለኝ። ሌላው ‹ገንዘብሽን አታባክኚ› ይላል። ማንን ልስማ? የመጀመሪያው ደግሞ ክፍያውን በሙሉ በቅድሚያ ይፈልጋል።»

እህቴ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን እውነት ነግረውሻል። የሚታዩት ገጾችሽ፣ ማለትም የዕቃ ፎቶው፣ ስለ ድርጅቱ የተጻፈው፣ ስልክና አድራሻው፣ ቴምፕሌት ላይ ቢቆዩ ምንም አይጎድልብሽም። ችግርሽ ያለው ኤክሴሉ ላይ ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ቀን ነፃ እንደሆነ የሚያውቅ ሥርዓት የለሽም። በልክሽ መሠራት ያለበት ነገር ካለ እሱ ነው፣ እሱም ቢሆን ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሞክረሽ አልሆን ሲልሽ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ዴቨሎፐሮች «ቴምፕሌት» እና «ከዜሮ» ሲሉ በመሃል ምንም የሌለ ያስመስሉታል። በመሃል ብዙ ነገር አለ። ዌርድፕረስ ራሱ ቴምፕሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ለብሎግ መጻፊያ ተብሎ የወጣ፣ ዛሬ ግን በዓለም ካሉ ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚሠሩበት ሥርዓት ነው፤ ጽሑፉንና ምስሉን የምታስተዳድሪው በእሱ ነው። ቴምፕሌቱ ከላይ የሚታየው መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ዌርድፕረሱን ሳትነኪ መልኩን ብቻ ለአንቺ ተብሎ በዲዛይነር ማሠራት ይቻላል። መልኩን እንዳለ ትተሽ ለሥራሽ የሚሆን አንድ ፕለጊን (ዌርድፕረስ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) ብቻ ማስጻፍም ይቻላል። ወይ ደግሞ ደንበኛ የሚያየውን ገጽ እዚያው ትተሽ፣ የማስያዣ ሥርዓቱን በላራቬል ወይም በጃንጎ (ዴቨሎፐሮች ኮድ የሚጽፉባቸው ዝግጁ መሠረቶች፣ ፍሬምወርክ የሚባሉት ናቸው) ለብቻው አሠርተሽ ሁለቱን በኤፒአይ፣ ማለትም ሁለት ሶፍትዌሮች መረጃ በሚለዋወጡበት መንገድ፣ ማገናኘት ትችያለሽ። ሁሉንም አፍርሶ ከዜሮ መጀመር የመጨረሻው ጫፍ ነው። እዚያ ድረስ መሄድ ያለበት ድርጅት እንደሚወራው ብዙ አይደለም።

በነገራችን ላይ «ከዜሮ ሠራንልህ» ተብሎ የተሸጠ፣ ሲከፈት ግን የታወቀ ቴምፕሌት ሆኖ የሚገኝ ሥራ ሞልቷል። ቀለሙና ሎጎው ተቀይሮ ማለት ነው። የገጹን ምንጭ ኮድ ብራውዘር ላይ ከፍቶ የቴምፕሌቱን ስም መፈለግ ከባድ አይደለም። ሰውዬው ከዚህ በፊት የሠራቸውን ሲያሳይሽ አንዱን ለሚያውቅ ሰው ሰጥተሽ አስፈትሺ።

አሁን የመጀመሪያው ዴቨሎፐር ወዳነሳቸው ሁለት ማስፈራሪያዎች፣ ጉግልና ደህንነት። ጉግል ዌብሳይትሽ ከቴምፕሌት ይሠራ ከዜሮ ግድ የለውም። የሚያየው ገጹ ምን እንደያዘና ለሰው እንዴት እንደሚከፈት ነው። ለአከፋፈቱ ያስቀመጣቸው መለኪያዎችም ይታወቃሉ፦ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ይታይ፣ ሰው አንድ ነገር ሲነካ በ200 ሚሊሰከንድ ውስጥ ምላሽ ይስጥ፣ ገጹ እየተከፈተ ሳለ ጽሑፉና ምስሉ ከቦታቸው እየዘለሉ ሰውን አያሳስቱት (ይኼኛው በጉግል የመዝለል ነጥብ ከ0.1 እንዳይበልጥ ነው የሚፈለገው)። ጥሩ ለመባል ቢያንስ 75 በመቶ የሚሆነው ጉብኝት እነዚህን ማለፍ አለበት። ይህን ያለፈ ቴምፕሌት አለ፣ የወደቀ ከዜሮ የተሠራ ገጽም አለ።

ግን ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። የሚሸጡ ቴምፕሌቶች ለምግብ ቤትም፣ ለጠበቃም፣ ለጂምም እንዲሆኑ ተደርገው ስለሚሠሩ የማትጠቀሚበትን ሁሉ ተሸክመው ይመጣሉ። ሦስት ዓይነት ስላይደር (ተንሸራታች ምስል ማሳያ)፣ አሥር ፎንት፣ ላዩ ላይ ደግሞ እንደ ኤለመንተር ያለ ገጽ መገንቢያ። ያ ሁሉ በስልክ ላይ ይከብዳል። ይህን ለማወቅ ዴቨሎፐር አያስፈልግሽም፤ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ የሚባለው የጉግል ነፃ መመርመሪያ ላይ አድራሻሽን አስገቢና እዪው። እንደኔ ግምት በአንቺ ገጽ ላይ ትልቁ ጥፋተኛ ፎቶዎቹ ይሆናሉ። ከካሜራ እንደወጡ፣ ሳይቀነሱ የተጫኑ የድንኳን ፎቶዎች። እሱን ደግሞ ከዜሮ ብታሠሪም ያው ሰው ያንኑ ፎቶ መልሶ ይጭነዋል።

የደህንነቱ ጉዳይ የበለጠ ቁም ነገር አለው። ምሳሌ ልስጥሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስላይደር ሪቮሉሽን በሚባል ታዋቂ የዌርድፕረስ ፕለጊን ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። ሠሪዎቹ ደፈኑት። ነገር ግን ፕለጊኑ ከብዙ የሚሸጡ ቴምፕሌቶች ጋር ተጠቅልሎ ነበር የሚመጣው፣ ስለዚህ ቴምፕሌቱን የገዛው ሰው ፕለጊኑ እንዳለው እንኳ አያውቅም፣ ስለማያውቅም አያድሰውም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሶክሶክ የተባለ ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) በዚህ ቀዳዳ እየገባ ከ100,000 በላይ ድረ ገጾችን አጠቃ፣ ጉግልም ከ11,000 በላይ ዶሜይኖችን (የድረ ገጽ አድራሻዎችን) አደገኛ ብሎ አገደ። እነዚያ ሰዎች የተጎዱት ቴምፕሌት ስለተጠቀሙ ብቻ አይደለም። ምን እንደተጫነላቸው የሚያውቅና የሚያድስ ሰው ስላልነበራቸው ነው።

ያው ነገር በሌላው በኩልም ይመጣል። ለአንቺ ብቻ የተጻፈ ኮድ በየድረ ገጹ የሚዞሩት አውቶማቲክ አጥቂዎች ቀድመው የሚያውቁት ስላልሆነ ትንሽ ያርፋል። ግን ቀዳዳ ሲኖረውም አግኝቶ የሚነግርሽ የለም። ዝማኔ የሚልክልሽ ድርጅትም የለም። ዝማኔው ያ የሠራልሽ ሰው ነው፤ ስልኩን ካላነሳ አለቀ። «ከዜሮ ስለሆነ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚጠብቀው ጠይቂው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። በልክ ማሠራት የሚያስፈልገው ሥራሽ የራሱ ሕግ ሲኖረውና ያ ሕግ ተዘጋጅቶ በሚሸጥ ሶፍትዌር ውስጥ አልገባ ሲል ነው። መልክ ምክንያት አይሆንም። «ተፎካካሪዬም ይህንኑ ቴምፕሌት ነው የሚጠቀመው» ምክንያት አይሆንም፤ ደንበኛ ቴምፕሌት አያውቅም፣ የሚያውቀው ፎቶና ዋጋ ነው። «አድገናል፣ ይመጥነን» የሚለው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ምክንያት ነው። በዚህ ስሜት የተጀመሩ ፕሮጀክቶች መጨረሻቸው ምን መሆን እንዳለበት ስለማይታወቅ አያልቁም።

ኪራይ ግን እውነተኛ የራሱ ሕግ ያለው ሥራ ነው። የተለመደ የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌር፣ ዉኮሜርስም ሆነ ሾፒፋይ፣ በመሠረቱ የሚያስበው ሽያጭን ነው። 300 ወንበር አለሽ፣ 200 ተሸጠ፣ 100 ቀረ። በቃ። ያንቺ 200 ወንበር ግን ተመልሶ ይመጣል። ቅዳሜ ወጥቶ እሑድ እኩለ ቀን ላይ የሚመለስ ከሆነ፣ እሑድ ጠዋት 150 ለሚፈልግ ሰው የለም፤ እሑድ ማታ ለሚፈልገው ግን አለ፣ ማጠቢያና መጫኛ ጊዜ ከተረፈ። ከ200ው 12ቱ ተሰብረው ከመጡ ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት ትዕዛዝ ሁሉ ይነካል። የድምፅ መሣሪያው ያለ ገመዱና ያለ ማቆሚያው አይወጣም፣ ስለዚህ ስፒከር ነፃ ሆኖ ገመድ ካለቀ ስፒከሩም የለም ማለት ነው። መያዣ ገንዘብ አለ። ርቀት አለ። ትልቁ ድንኳን ሲወጣ የሚተክሉት ሠራተኞችም አብረው «ይከራያሉ»፣ ስለዚህ አራት ድንኳን ኖሮሽ የተካይ ቡድንሽ ሁለት ከሆነ በአንድ ጠዋት የምታከራዪው ሁለት ብቻ ነው። ይኼ ሁሉ ኤክሴሉ ላይ የለም፤ ጭንቅላትሽ ውስጥ ወይም ለረጅም ጊዜ አብሮሽ በሠራው ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። አንድ ዕቃ ለሁለት ሰው የምትሰጡትም እሱ የሌለ ቀን ይመስለኛል።

ስለዚህ ለማንም ገንዘብ ሳትሰጪ የምትሠሪው የቤት ሥራ አለሽ። እነዚህን ሕጎች ጻፊያቸው። በቴክኒክ ቋንቋ ሳይሆን አሁን እኔ እንደጻፍኩት፣ በተራ አማርኛ። ከዚያ ከኤክሴሉ ውስጥ በጣም ያስቸገሩሽን እውነተኛ ትዕዛዞች አውጪ፤ ሁለት ዝግጅት የተደራረበበትን፣ ደንበኛው በመጨረሻ ሰዓት ቁጥር የቀየረበትን፣ ዕቃ ዘግይቶ የተመለሰበትን። ለዌርድፕረስ የተሠሩ የኪራይና የማስያዣ ፕለጊኖች አሉ፤ ለብቻቸው የሚሠሩ የኪራይ ሶፍትዌሮችም አሉ፣ ብዙዎቹ ከመግዛትሽ በፊት ያስሞክሩሻል። እነዚያን ትዕዛዞች አንድ በአንድ አስገብተሽ ፈትኛቸው። ሻጩ በሚያሳይሽ ማሳያ ላይ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፤ የሚፈተነው በአንቺ መጥፎ ቅዳሜ ነው።

አብዛኛውን ከተሸከመና የቀሩትን በስልክ ማስተካከል ከቻልሽ እሱን ያዢ፣ በልክ ማሠራቱን እርሺው። ካልተሸከመ ደግሞ የትኛው ሕግ ላይ እንደተሰበረ እዪ። እዚህ ላይ ራስሽን መጠየቅ አለብሽ፦ ሕጉ የሚያስገኝልሽ ነገር አለ ወይስ ልማድ ነው? ለምሳሌ ቅናሽ የምትሰጪው በስምንት ዓይነት መንገድ ከሆነና ሶፍትዌሩ ሦስት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ስምንቱን ወደ ሦስት ማውረድ ኮድ ከማስጻፍ ይረክሳል። ድንኳንና ተካይ ቡድንን አንድ ላይ መቁጠር ግን ልማድ አይደለም። እሱን ከተውሽ ትከስሪያለሽ። እንዲህ ያለው ሕግ ነው ገንዘብ የሚወጣበት።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ፣ ሥራሽ ሲሰፋ ይመጡብሻልና ባጭሩ ልንካቸው። አንዱ ሠራተኛ ያንኑ ትዕዛዝ ሦስት ቦታ የሚጽፍ ከሆነ፣ ዌብሳይት ላይ፣ ሒሳብ ሶፍትዌር ላይ፣ ለሹፌሩ በመልእክት፣ ሥርዓቶቹ መነጋገር አለባቸው ማለት ነው፣ እና አንዳንዴ ያ በተዘጋጀ ፕለጊን አይሆንም። የተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር ማየት ካለባቸውም እንደዚያው፤ ደንበኛው የራሱን ትዕዛዝ፣ ሹፌሩ የዛሬውን ጭነት፣ አንቺ ሁሉንም። ፕለጊን በፕለጊን ላይ ተደራርቦ አንዱን ስታድሺ ሌላው የሚሰበር ከሆነና የየወሩ ክፍያቸው ተደምሮ ኪስ ማራገፍ ከጀመረ፣ ያኔም በልክ ማሠራቱ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ሌላው ያለሽበት ቦታ ራሱ አጥር ሲሆንብሽ ነው። ዊክስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ አገልግሎት ላይ የሠራሽውን ዌብሳይት ይዘሽ ወደ ሌላ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት ቦታ) መውጣት አትችይም፣ ሾፒፋይም ለአንድ ዕቃ ከሦስት በላይ የምርጫ ዓይነት በራሱ አይቀበልም። ዌርድፕረስ ላይ መሆንሽ በዚህ በኩል እድለኛ ያደርግሻል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ዳታውም ያንቺ ነው።

በልክ ይሠራ ካልሽ የመሥሪያው ዋጋ መጀመሪያ ብቻ ነው። ሶፍትዌር ተሠርቶ አያልቅም። ዌርድፕረስና ላራቬል የተጻፉበት ፒኤችፒ ራሱ ያረጃል፤ 7.4 የሚባለው ስሪት የደህንነት ዝማኔ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2022 ነው፣ በእሱ ላይ የተጻፈ የግል ኮድ የነበረው ሁሉ ሰው ቀጥሮ ማስተካከል ነበረበት። ስለዚህ የመሥሪያውን ዋጋ ስትጠይቂ በዚያው ትንፋሽ የዓመት መጠበቂያውንም ጠይቂ፤ በጀቱ ለሁለቱም ካልበቃ ባትጀምሪው ይሻላል። «የራሴን ፍሬምወርክ ሠርቻለሁ» የሚልሽ ሰው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ አንቺ ግን ሽሺው። ላራቬል፣ ጃንጎ፣ ወይም ራሱ ዌርድፕረስ ከሆነ ሰውዬው ቢጠፋም ሌላ የሚያውቅ ይገኛል።

ዴቨሎፐሩን የምትለዪበት አንድ ጥያቄ ልስጥሽ። «የመጨረሻውን ድንኳን ሁለት ደንበኞች እኩል ሰዓት ላይ ቢይዙት ምን ይሆናል?» በይው። ጥሩ መልስ ብዙ ዓይነት ነው፤ ዳታቤዙ ላይ አንዱን እስኪጨርስ ሌላውን እናስጠብቃለን ሊል ይችላል፣ ወይም አንዱ መክፈል ሲጀምር ዕቃውን ለጥቂት ደቂቃ ይዘንለት ካልከፈለ እንለቀዋለን ሊል ይችላል። እንዲያውም ጎበዙ መልሶ ይጠይቅሻል፦ «አንቺ ምን እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ይላል። «እኩል አይገጥምም፣ አትጨነቂ» ካለሽ ግን አመስግነሽ ተነሺ። ያንቺ ችግር እኮ ሲጀመር ይኸው ነው፤ አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሰው። ኤክሴሉን ትተሽ ያንኑ ስህተት በኮድ መግዛት ምን ይጠቅማል?

ከውሉ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ፣ አሰልቺ ናቸው ግን ጣጣው የሚመጣው ከእነሱ ነው። ዶሜይኑ በአንቺ ስምና በአንቺ ኢሜይል ይመዝገብ። ሆስቲንጉንም አንቺ ክፈይ፣ እሱን ተጠቃሚ አድርገሽ አስገቢው። ኮዱ በየቀኑ የሚቀመጥበት የጊት መዝገብ በአንቺ አካውንት ሥር ይሁን፣ ሥራው ሲያልቅ የሚሰጥ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። በብዙ አገሮች ሕግ በኮንትራት የተጻፈ ኮድ መብቱ በጽሑፍ ካልተላለፈ የጸሐፊው ሆኖ ይቀራል፤ ከፍያለሁና የኔ ነው ማለት ብቻውን አይበቃም፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ አስገቢ። የገጾችሽ አድራሻ የሚቀየር ከሆነም ከአሮጌው ወደ አዲሱ በ301 ማዘዋወሪያ እንዲያያዝ አስጽፊ፤ ይህ ሲረሳ ነው ሰው «አዲስ ዌብሳይት አሠርቼ ከጉግል ጠፋሁ» የሚለው።

የክፍያው ጉዳይ። በሙሉ ቅድሚያ አትክፈይ፣ ዘመድሽም ቢሆን። ቅድሚያ የሆነ ነገር መፈለጉ ትክክል ነው፣ እሱም ጊዜውን ይሰጣል። ግን ክፍያው ሥራውን ተከትሎ ይከፋፈል፦ ሲጀመር ጥቂት፣ የዕቃና የቀን ሥርዓቱ ብቻውን ያለ ምንም ውበት መሥራቱን ስታዪ ሌላ፣ ደንበኛ ሲገባበት ሌላ፣ መጨረሻውን ደግሞ በእውነተኛ ትዕዛዝ ጥቂት ሳምንት ከሠራ በኋላ። «መሥራቱን ስታዪ» የምልሽ ደግሞ ያንን ያወጣሽውን የአስቸጋሪ ትዕዛዞች ዝርዝር አስገብተሽ ነው፣ እሱ በሚያሳይሽ ስክሪን አይደለም። ዝርዝሩንም ከውሉ ጋር አያይዢው። በዚህ ካልተስማማ ዝርዝሩ ያንቺ ነው፣ ያንኑ ወረቀት ይዘሽ ወደ ሁለተኛው ሰው ሂጂና የትኛው ፕለጊን እንደሚሸከመው አብራችሁ ፈትሹት።